የሐምሌን ፀሐይ ማን ቆጠራት? የከተሞችን የፀሐይ ሰዓት ለማወዳደር የትኛው ቁጥር ይሻላል

ደብረ ብርሃን ላለው የእናቴ ቤት ሶላር ልገዛ የሄድኩ ቀን ሻጩ ካልኩሌተሩን አወጣና አሰላልኝ። "ደብረ ብርሃን በቀን 8 ሰዓት ፀሐይ አለ። ፓኔሉ 300 ዋት ነው። 8 ጊዜ 300፣ 2,400 ዋት ሰዓት። ፍሪጅም ትነዳለህ።" ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

በጥቅምትና በኅዳር እንኳ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጊዜ፣ የሚገኘው የተባለው ግማሽ ገደማ ነበር። ነሐሴ ሲገባ ጭራሽ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑ ድርግም ይል ጀመር። እናቴ ደወለች። "ልጄ፣ ይኼ ፓኔልህ ፍልሰታን እየጾመ ነው እንዴ?"

ሻጩ ዋሸኝ ለማለት ይከብደኛል። የበጋ ወራትን ካየን በቀን 8 ሰዓት ፀሐይ ብርቅ አይደለም። ቁጥሩ ግን ለሌላ ነገር የተለካ ነው። ከዚያ ወዲህ የፀሐይ ሰዓት ሠንጠረዥ ባየሁ ቁጥር ማን ለካው፣ በምን ለካው እያልኩ መጠየቅ ልማዴ ሆነ። ለአንድ ከተማ፣ ለአንድ ወር፣ ሦስት ቦታ ሦስት ዓይነት ቁጥር ይገኛል። አንዱ በቁና የሰፈረውን ሌላው በላዳን ሰፍሮ፣ እኛ ደግሞ የማን ጤፍ ይበዛል ብለን እንከራከራለን።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ከተሞቹን ብቻ ሳይሆን መስፈሪያዎቹንም ነው። ሶላር የሚገዛ፣ ቡና የሚያደርቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ፣ ወይም ከዘመዱ ጋር "የእኛ ከተማ ፀሐይ ይበልጣል" ብሎ የተወራረደ ሰው የትኛውን ቁጥር ይያዝ?

መጀመሪያ መመዘኛው

ትልቁ ጥያቄ የተለካው ሰዓት ነው ወይስ ጉልበት የሚለው ነው። የፀሐይ ሰዓት ማለት ፀሐይ ያለ ደመና ከለላ የታየችበት ጊዜ ድምር ነው። አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው መልሱ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘው ልክ አለ፦ ከፀሐይ በቀጥታ የሚመጣው ጨረር በካሬ ሜትር 120 ዋት ካለፈ ፀሐይ አለ ይባላል፣ ካላለፈ የለም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያለችው ደካማ ፀሐይም፣ እኩለ ቀን ላይ አናት የምትበሳዋም እኩል "አንድ ሰዓት" ተብለው ይመዘገባሉ። ጉልበት ግን ሌላ ነው። የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ደመናው አልፎ የሚመጣውን ብርሃንም ይጨምራል።

የሻጩ ስህተት እዚህ ጋ ነው። የሶላር ባለሙያዎች ራሳቸው "የፀሐይ ሰዓት" የሚሉት ነገር አላቸው። እነሱ ግን በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ሙሉ ኃይል ያላትን ፀሐይ ነው የሚቆጥሩት። በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የተመዘገበ 8 ሰዓት በዚህ ስሌት 5 ተኩል አካባቢ ሊሆን ይችላል። 5.5 ጊዜ 300 ብለን ለሽቦ፣ ለባትሪ፣ ለአቧራና ለሙቀት ሩቡን ስንቀንስ 1,240 ዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። እናቴ ቤት የተገኘው ይኸው ነበር።

ሁለተኛው መመዘኛ መሣሪያው ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዓይነት መሣሪያ ካልተለኩ ንጽጽሩ ገና ከመነሻው ተንጋዷል። ሦስተኛው ዘመኑ ነው፦ የአየር ንብረት አማካይ በተለምዶ የ30 ዓመት ነው፣ አሁን የሚሠራበትም ከ1991 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። አንዱ ከተማ የ1961–1990፣ ሌላው የ10 ዓመት ብቻ ሆኖ አንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አራተኛው ቦታው ነው። "አዲስ አበባ" ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ሽሮ ሜዳ ወይም ሳሪስ ሳይሆን መሣሪያው የቆመበት አንድ ግቢ ነው። በስተምሥራቅ ተራራ ያለበት ጣቢያ በየጠዋቱ ፀሐይ ይሰረቅበታል። የመጨረሻው የጎደለ ቀን ነው፣ እሱን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የመስታወቱ ኳስ

አንድ ጊዜ አንድ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ግቢ ገብቼ መሣሪያውን በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ብርቱካን የምታክል፣ ወይም ትንሽ ከፍ የምትል፣ ወለል ያለች የመስታወት ኳስ ናት። ስፋቷ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከኋላዋ ጎድጎድ ባለ የብረት መያዣ ውስጥ ጥቁር አረንጓዴ የካርቶን ካርድ ገብቷል። ልጆች ሆነን በመስታወት ወረቀት እንደምናቃጥለው ኳሷም ፀሐይን ሰብስባ ካርዱን ታቃጥላለች። ፀሐይ ስትሄድ ቃጠሎው አብሮ ይሄዳል። ሠራተኛው ምሽት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካርዱን አውጥቶ አዲስ አስገባ። ያወጣው ካርድ ላይ ጠዋት ቀጥ ያለ ቡናማ መስመር፣ ከሰዓት በኋላ የተቆራረጡ ነጥቦች ነበሩ። ጣቴን ሳስጠጋው የተቃጠለ ካርቶን ሽታው ገና አልጠፋም። የዚያ ቀን ፀሐይ በሙሉ እጄ ላይ ነበረች።

ሐሳቡን በ1853 እ.ኤ.አ. ያመጣው ስኮትላንዳዊው ጆን ፍራንሲስ ካምፕቤል ነው። በ1879 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ አሻሻለው። ስሙም ካምፕቤል ስቶክስ ሆኖ ቀረ። መብራት አይፈልግም፣ ሶፍትዌር አይፈልግም። በአገራችንም የመጀመሪያ ደረጃ በሚባሉት ጣቢያዎች ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል። ረጅም ታሪክ ያለው መዝገብ ከፈለግክ ከዚህ ኳስ ሌላ መሄጃ የለህም።

ጉዱ ያለው ነጥቦቹ ጋ ነው። ደመና እየመጣ እየሄደ ባለ ቀን ፀሐይ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ብትል ካርዱ ላይ የምትተወው ነጥብ ከቆየችበት ጊዜ በላይ ሰፊ ነው። ነጥቦቹ ይነካካሉ፣ መስመር ይመስላሉ። ስለዚህ ደመና በተቆራረጠበት ቀን ኳሱ ያጋንናል። ይህን ለማረም የወጣ ሕግ አለ፦ ሁለት ወይም ሦስት ትናንሽ ነጥቦች 0.1 ሰዓት፣ ከአራት እስከ ስድስት 0.2 ሰዓት ተብለው ይቆጠራሉ። መስመሩ በአንድ ሦስተኛ የቀጠነበት ቦታ ሁሉ 0.1 ሰዓት ይቀነሳል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በየቀኑ፣ በየጣቢያው፣ በየሠራተኛው ዓይን ግን አንድ ካርድ ለሁለት ሰው ቢሰጥ ሁለት ድምር ይወጣል።

የሚያሳንስበትም ጊዜ አለ። ካርዱ በዝናብ ከረጠበ ወይም ኳሷ ጤዛ ከያዘች ጠዋት ፀሐይ ወጥታም ቃጠሎ የለም። ካርዱ ማቃጠል የሚጀምርበትን ልክ የመረመሩ ሰዎች በካሬ ሜትር ከ70 እስከ 280 ዋት ድረስ ሲዋዥቅ አግኝተውታል። 120 የሚባለው ልክ የተመረጠውም መካከለኛ ስለሆነ ነው። እንግዲህ አስቡት። በጋ ላይ ደረቅ ካርድ፣ ክረምት ላይ እርጥብ ካርድ። ያው መሣሪያ ጥርን በአንድ ሚዛን፣ ሐምሌን በሌላ ሚዛን ይመዝናል።

ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር

ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ልክ እንደ ኳሱ "ፀሐይ አለ፣ የለም" የሚል ሲሆን 120 ዋት ላይ ተስተካክሎ ይመጣል። ሌላው ፓይራኖሜትር ይባላል፣ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር በሙሉ በዋት ይለካል። በአውቶማቲክ ጣቢያዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ነው። ለሶላር ሥራ ከሁሉም የሚሻለውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ፓኔል የሚበላውን ነገር ነው የሚለካው።

ጠላቱ አቧራ ነው። የበጋ አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የሸረሪት ድር። የማይወለወል ሴንሰር ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ማንም ልብ አይለውም፣ መጀመሪያ ዝናብ ሲጥል በድንገት "ፀሐይ ይጨምራል"። ዝናብ በዘነበ ማግስት ቁጥሩ ከፍ ብሎ ካየህ ሰማዩን ከማመስገንህ በፊት መስታወቱን ጠርጥር።

ሌላው ጣጣ ከኳስ ወደ ሴንሰር ሲቀየር የሚፈጠረው ዝላይ ነው። ኳሱ ያጋነነውን ሴንሰሩ ስለማያጋንን በመዝገቡ ላይ ከተማው በአንድ ዓመት "የጨለመ" ይመስላል። የብሪታንያው የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት፣ ሚት ኦፊስ፣ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሂትሮውን ጨምሮ የድሮ ጣቢያዎቹን ወርሃዊ መዝገብ በነጻ ሲያወጣ፣ በሴንሰር የተለካውን የፀሐይ ሰዓት ጎን ላይ የ# ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሌለው በኳስ የተለካ ነው። የተገመተ ከሆነ ኮከብ አለው። ሎንዶን ያላችሁ ግቡና እዩት። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ሁሉም ሠንጠረዥ ላይ ቢኖር ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሳተላይት

ሳተላይት ፀሐይን አይለካም። ደመናን ያያል፣ ከዚያ መሬት የደረሰውን ጨረር ያሰላል። በነጻ ከሚገኙት ሦስቱን ነው ደጋግሜ የምጠቀመው። ናሳ ፓወር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የጨረር መረጃ አለው፣ ግን አንድ ቁጥር የሚሰጠው በየጎኑ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ አንድ ካሬ መሬት ነው። እንዲህ ባለ ካሬ ውስጥ የደጋው ፀሐይና የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። የአውሮፓ ኅብረቱ የሶላር ማስያ ድረ ገጽ ፒቪጂአይኤስ (PVGIS) በጣም ደቃቅ ነው፣ ካሬው ወደ 5 ኪሎ ሜትር። የዓለም ባንክ ግሎባል ሶላር አትላስ ደግሞ ካርታው ላይ ጣትህን የምታስቀምጥበት ቀላል ነገር ነው።

ከሦስቱ የማደላው ለፒቪጂአይኤስ ነው። የቤትህን ቦታ ካርታው ላይ ትነካለህ፣ የፓኔሉን ዋት፣ የባትሪውን መጠን፣ በቀን የምትጠቀመውን ትሞላለህ። በየወሩ ምን ያህል እንደምታገኝና በመቶ ስንት ቀን ባትሪህ ባዶ እንደሚሆን ይነግርሃል። በዙሪያህ ያለውን ተራራ ጥላ ሳይቀር ያስባል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እናቴ የፍልሰታን ቀልድ ባልቀለደችብኝ።

ድክመቱም አለ። ማለዳ ሸለቆ ውስጥ የሚተኛ ጉም፣ የአካባቢ ጭስ፣ የአንድ ሰፈር ደመና ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ደግሞም የሚሰጥህ በዋናነት ጉልበት ስለሆነ ከድሮ የፀሐይ ሰዓት ሠንጠረዥ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም። የሆነ ሆኖ ሁለት ከተሞችን በአንድ ዓይን ያያል። ለንጽጽር ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው። ጃፓኖች እንዲያውም በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በአብዛኞቹ አውቶማቲክ ጣቢያዎቻቸው ላይ የነበረውን የፀሐይ ሰዓት ሴንሰር ትተው ከሳተላይት በተሰላ ግምት ተክተውታል።

ስልክ ላይ ያለው ሠንጠረዥ

ቶሎ እንለፈው። የአየር ሁኔታ አፕና "የከተማው አየር ንብረት" የሚሉ ገጾች አንዳቸው ከሌላው ይገለብጣሉ። ሙቀቱ ከአንድ ዘመን፣ ዝናቡ ከሌላ፣ ፀሐዩ ከሦስተኛ ቦታ መጥቶ አንድ ሠንጠረዥ ይሆናል። አንዳንዱ በኮምፒውተር ሞዴል የተሰላ ነው፣ ሌላው የድሮ ጣቢያ መዝገብ ነው፣ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ለወሬ ይበቃል። ገንዘብ ለማውጣት አይበቃም።

የራስህ ጣሪያ

ማንም የማያስበው ምርጫ ይህ ነው። አንድ ትንሽ ፓኔልና አንድ ቴስተር ካለህ የራስህ ጣቢያ አለህ። የፓኔሉን ሁለት ጫፍ በቴስተሩ የአምፔር መለኪያ ስታገናኝ የሚወጣው አምፔር ከፀሐይ ጉልበት ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ትንሽ ፓኔል ይሁን፣ ከቴስተሩ የአምፔር ገደብ እንዳያልፍ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፣ በደብተር። ጎረቤትህ ኢንቨርተር ካለው ደግሞ ከዚህም ይቀላል፦ የዕለቱን ኪሎዋት ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያሳያል። ሻይ ጠጥተህ ቁጥሩን ጻፍ። የ30 ዓመት አማካይ አይሆንም፣ ግን የአንተ ሰፈር፣ የአንተ ዛፍ ጥላ፣ የአንተ ጣሪያ ነው።

| ምንጭ | የሚሰጠው | የሚሻልበት | የሚያሳስትበት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የመስታወት ኳስ መዝገብ | ሰዓት | ረጅም ታሪክ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ | የተቆራረጠ ደመና፣ እርጥብ ካርድ፣ የአንባቢው ዓይን | መረጃውን በደብዳቤ መጠየቅ |
| አዎ/አይደለም ሴንሰር | ሰዓት | ወጥ መለኪያ | ከኳስ ሲቀየር የሚመጣ ዝላይ | እንደ ኳሱ |
| ፓይራኖሜትር | ጉልበት | ሶላር፣ መስኖ፣ ጥናት | አቧራ፣ አጭር መዝገብ | መሣሪያው ውድ ነው |
| ሳተላይት | ጉልበት | ከተማ ከከተማ ማወዳደር | ጉም፣ ሸለቆ፣ ትልቅ ካሬ | ኢንተርኔት ብቻ |
| አፕና ሠንጠረዥ | የተደባለቀ | ፈጣን ግምት | ምንጩ አይታወቅም | ነጻ |
| የራስ ጣሪያ | ጉልበት | ያንን አንድ ቤት | አጭር ጊዜ | ትንሽ ፓኔልና ቴስተር |

አሁን ከተማ ከከተማ

ከቤታችን እንጀምር። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውና እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ጥናት የአገራችንን ዓመታዊ አማካይ በቀን 5.2 ኪሎዋት ሰዓት በካሬ ሜትር አካባቢ ያደርገዋል። ከፍተኛው አዲግራት አካባቢ 6.25፣ ዝቅተኛው ጋምቤላ ውስጥ ኢታንግ 4.25። ይገርማል። ብዙ ሰው ቆላ ሁሉ ፀሐይ ይበዛበታል ብሎ ያስባል። የጋምቤላ ሙቀት ያንገበግባል፣ ፀሐዩ ግን ከአዲግራት ብርድ ያንሳል። ሙቀትና ፀሐይ አንድ አይደሉም። ደጋው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ጨረሩ ብዙ ሳይዋጥ ይደርሳል። በዚያ ላይ ፓኔል ሲግል ይደክማል፦ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። ድሬዳዋ ጣሪያ ላይ ያለ ፓኔልና ደብረ ብርሃን ጣሪያ ላይ ያለ ፓኔል እኩል ፀሐይ ቢያገኙ እንኳ የደብረ ብርሃኑ ይበልጣል።

የዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ነው። በአገር ደረጃ ከፍተኛው በፌብሯሪና ማርች 5.55፣ ዝቅተኛው በጁላይ 4.55። ልዩነቱ ሃያ በመቶ እንኳ አይሞላም። የፀሐይ ሰዓቱን ብታዩ ግን አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ በክረምት ከበጋው ከግማሽ በታች ይወርዳል። የትኛው ነው ውሸት? ሁለቱም እውነት ናቸው። የምግብና እርሻ ድርጅት ከሰዓት ወደ ጉልበት ለመቀየር የሚያቀርበው ቀመር ያስረዳዋል፦ ከከባቢ አየር በላይ ካለው ጨረር 0.25 ምንጊዜም ይደርሳል፣ ፀሐይ ከታየችበት የቀኑ ክፍል ደግሞ ግማሹ ይጨመርበታል። ፀሐይ የቀኑን ሦስት አራተኛ ስትታይ 0.625 ይደርሳል። ሩቡን ብቻ ስትታይ 0.375። ሰዓቱ ወደ ሲሶ ወረደ፣ የሚደርሰው ግን ወደ 60 በመቶ ብቻ። ደግሞ በሐምሌ ፀሐይ ከታኅሣሥ ይልቅ አናታችን ላይ ስለምትቀርብ ከላይ የሚመጣው ራሱ ይበልጣል። የሐምሌ ደመና እንደሚባለው ጨካኝ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጁላይ ሐምሌ አይደለም። ጁላይ ማለት ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ነሐሴና ጳጉሜን ናቸው፣ ቀሪው መስከረም ነው። ክረምቱ በሚወጣበት ሰሞን ያለው ትልቅ ለውጥ አንድ አማካይ ውስጥ ይቀበራል። በቱሪዝም ማስታወቂያ የ13 ወር ፀሐይ ስንባል ኖረናል። ጳጉሜንን ለብቻዋ የለካ ሠንጠረዥ ግን አላጋጠመኝም።

ወደ ውጭ እንውጣ። ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን ነው ያለው። አንድ ቀን ደውሎ "የእኛ ፀሐይ ከእናንተ እኩል ነው" አለኝ። የላከልኝ ሠንጠረዥ ላይ ዋሽንግተን በዓመት 2,500 ሰዓት ገደማ ይላል፣ የአዲስ አበባው ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ደሜ ፈላ። ከዚያ ፈተሽኩት። የዋሽንግተኑ ከ1961–1990 አማካይ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ ኳስ አልተጠቀሙም፣ ከ1953 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሳቸው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ዓይነት መሣሪያ ነበራቸው፣ ፀሐይ አለ የሚለውም በ85 ዋት አካባቢ ነው። ከ120 በጣም ዝቅ ያለ። የማለዳና የምሽት ደካማ ፀሐይ፣ ስስ ደመና ያለፈችው ፀሐይ፣ ሁሉም ይቆጠርላቸዋል። በ1990ዎቹ አውቶማቲክ ጣቢያ ሲመጣ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ ጭራሽ መለካቱን ተዉት። ስለዚህ ወንድሜ በላዳን፣ እኔ በቁና ነበርን። በሳተላይት እንየው ብዬው እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠኝም።

ሎንዶን በዓመት ከ1,600 በላይ ነው፣ ሁሉም የሚያውቀው ጨለማ። ግን በወር እዩት። በጁን ቀኑ 16 ሰዓት ተኩል ስለሚረዝም በወሩ ውስጥ 500 ሰዓት ያህል የቀን ብርሃን አለ። በዲሴምበር 245 ገደማ ብቻ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ330 እስከ 390 ውስጥ ናት። ክረምት ላይ ከአዲስ አበባ ሎንዶን የሚሄድ ሰው "እዚያ ፀሐይ አልጠልቅ አለ" ብሎ ቢመጣ አትሳቁበት። የባሕረ ሰላጤው አገር ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ዱባይ በዓመት ከ3,500 ሰዓት በላይ ይመዘገባል፣ ነገር ግን አቧራማ በሆነ ቀን የደከመች ፀሐይም 120 ካለፈች ሙሉ ሰዓት ትባላለች።

ቁጥሩ ሲያጠራጥር

መጀመሪያ ሊሆን ከሚችለው ከፍተኛ ልክ ጋር አስተያይ። የወሩ የፀሐይ ሰዓት ከወሩ የቀን ብርሃን ሊበልጥ አይችልም። እንዲያውም በጣም ጥርት ባለ ወርም ሊደርስበት አይችልም፣ ፀሐይ አድማስ ላይ ሳለች ካርድ አታቃጥልም። ለአዲስ አበባ በታኅሣሥ 350 የሚል ካየህ ዝጋው።

ቀጥሎ የጎደሉ ቀናትን ፈልግ። ካርድ ያለቀበት ሳምንት፣ ሠራተኛው የታመመበት ቀን፣ በመዝገቡ ላይ ባዶ መሆን ሲገባው ዜሮ ሆኖ ይገባል። ዜሮ ደግሞ ይደመራል። አምስት ቀን የጎደለበት የጥር ወር ድንገት ደመናማ ይሆናል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የ26 ቀን ድምር እንደ ሙሉ ወር ይጻፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከወሩ ድምር ይልቅ የቀን አማካይ ጠይቅ፣ ስንት ቀን እንደተለካም ጠይቅ። የ28 ቀኑን ፌብሯሪ ከ31 ቀኑ ማርች ጋር በድምር ማወዳደር ራሱ ማጭበርበር ነው።

ከዚያ ዝናቡን አጠገቡ አስቀምጥ። በአንድ ሐምሌ ዝናብም ፀሐይም ከወትሮው እጥፍ ከሆነ አንዱ ተሳስቷል። ሁለት ተከታታይ ወሮች እስከ ነጥቧ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሰው ገልብጧቸዋል። ሁሉም ቀን በግማሽ ሰዓት ተጠጋግቶ ከተጻፈ ካርዱን ያነበበው ሰው ቸኩሏል። በአንድ ዓመት ደረጃ የወረደ ካለ መሣሪያ ተቀይሯል ወይም ጣቢያው አጠገብ ሕንፃ ተሠርቷል። የመጨረሻውን በከተሞቻችን ደጋግሜ እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ ለማን የቱ

ከመብራት ኃይል መስመር ውጭ ሆነህ ለቤት ሶላር የምትገዛ ከሆነ የፀሐይ ሰዓትን እርሳው። ፒቪጂአይኤስ ላይ ቦታህን አስገብተህ የጁላይንና የኦገስትን ቁጥር ብቻ ተመልከት። ለእነሱ የሚበቃ ፓኔል ለሌላው ወር ይተርፋል። ሻጩ "በቀን 8 ሰዓት" ካለህ "የምን ወር፣ በምን የተለካ?" በለው። ግራ ከገባው ካልኩሌተሩን አንተ ያዘው። ገንዘብ ካጠረህ ባትሪ ከመጨመር ፓኔል መጨመር ለክረምት ይሻላል፣ የማይሞላ ባትሪ ትርፉ ክብደት ነው።

የመስኖ ፓምፕ ከሆነ ተቃራኒው ነው። ውኃ የምትስበው በበጋ ነው፣ ክረምቱ ሰማይ ይሠራልሃል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው አስላ፣ ለሐምሌ ብለህ ፓኔል አታብዛ።

ጅማ ወይም ሲዳማ ቡና በአልጋ የሚያደርቅ ሰው ግን የድሮውን የካርድ መዝገብ ቢጠይቅ አይቆጭም። እዚህ ቀጥተኛ ፀሐይ መኖር አለመኖሩ ነው ቁም ነገሩ፣ ደመና ያለፈ ብርሃን ፍሬውን እንደ ፀሐይ አያደርቀውም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለውን የቀን አማካይ ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ጠይቅ፣ በጣም መጥፎውን ዓመትም አብረህ ጠይቅ። አማካይ ቡና አያደርቅም። በፀሐይ ማብሰያ የሚሠራም፣ ጨረር ሰብሳቢው ዓይነት ከሆነ፣ በዚሁ ይመደባል። ውኃ ማሞቂያ ግን ደመናማ ብርሃንም ስለሚጠቅመው ከሶላሩ ጋር ነው።

ተማሪ ከሆንክ በካርድ ሰዓት ቀመሩን አስላ፣ ከሳተላይቱ ጋር አስተያይ፣ የት እንደሚለያዩ ጻፍ። ጥሩው ምዕራፍ የሚወጣው ከልዩነቱ ነው። መምህርህ "የትኛው ትክክል ነው?" ካለህ ካርዱን ማን እንዳነበበው ጠይቀው።

ክርክር ለማሸነፍ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱንም ከተሞች ከአንድ የሳተላይት ምንጭ፣ ለአንድ ዓይነት ዓመታት፣ በቀን አማካይ አውጣቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ተሸንፈህ ከተገኘህ ሳትልከው ተወው።

እናቴ ቤት ሁለተኛ ፓኔል ጨመርን፣ በሰሜን በኩል የነበረውን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆረጥን። ክረምት ላይ ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ሰሜን ስለምትዘነበል ጥላው የሚጥለው ከዚያ ነበር፣ ይህንን ደግሞ ማንም ሠንጠረዥ አልነገረኝም። በዘንድሮው ነሐሴ ቴሌቪዥኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ቆየ። ፍሪጁ እስካሁን አልገባም።